እረኞቹ ሊያዩት የሄዱት «ነገር»፦ የልደቱ ታሪክ መጀመሪያ በምን ቋንቋ ተጻፈ?

ጥያቄ፦ «በገና ሰሞን ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ መምህር ‹ማቴዎስ የጻፈው በዕብራይስጥ ነው፤ ስለዚህ የልደቱ ታሪክም መጀመሪያ ዕብራይስጥ ነው› አለ። ሌላው ‹ጌታም እመቤታችንም የሚናገሩት አራማይክ ነበር፤ ታሪኩም በዚያው ነው የተጻፈው› አለ። ስልኳ ላይ ስታነብ የነበረች ተማሪ ደግሞ ‹ሁሉም ግሪክኛ ነው፤ እንዲያውም ድንግል የሚለው ቃል የትርጉም ስሕተት ነው ይላሉ› ብላ ዝም አሰኘችን። ማንኛቸው ናቸው ትክክል?»

ምላሽ፦

ከክርክሩ በፊት እርግጡን እናስቀምጥ። የጌታን ልደት የሚተርኩት የማቴዎስና የሉቃስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሁለት ምዕራፎች ከጥንት የደረሱን በግሪክኛ ነው። ከዚያ የሚቀድም የዕብራይስጥ ወይም የአራማይክ ቅጂ ከዋሻም ከገዳምም አልወጣም። አንዳንዶች የሚጠቅሷቸው የዕብራይስጥ ማቴዎሶች አሉ፤ አንዱን ሼም ጦብ ኢብን ሻፕሩት የተባለ የስፔን አይሁዳዊ በ1380ዎቹ በክርክር መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል፣ ሌላውን ሙንስተር የተባለ ጀርመናዊ የዕብራይስጥ ሊቅ በ1537 ባዝል ላይ አሳትሞታል። አብዛኞቹ ሊቃውንት እነዚህን የመካከለኛው ዘመን ትርጉሞች ናቸው ይላሉ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። እንግዲህ «ከግሪኩ ጀርባ ሌላ ቋንቋ አለ» የሚል ሰው ማስረጃውን መቆፈር ያለበት እዚያው ግሪክኛው ውስጥ ነው። ለዚህ ቁፋሮ አማርኛ ተናጋሪ መሆን ይጠቅማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያሳውራል።

መላእክቱ ከሄዱ በኋላ እረኞቹ እርስ በርሳቸው «ይህን የሆነውን ነገር እንይ» ይባባላሉ (ሉቃስ 2፥15)። ለእኛ ጆሮ ምንም እንግዳ የለበትም። ግሪክኛው ግን እዚህ ቦታ «ሬማ» ይላል፤ ሬማ በተራው ግሪክኛ ከአፍ የወጣ ቃል፣ ንግግር ነው። የቆሮንቶስ ነጋዴ ቢያነበው «የሆነውን ቃል እንይ» እንደማለት ይሆንበታል፤ ቃል ይሰማል እንጂ መቼ ይታያል? በዕብራይስጥ ግን «ዳባር» ቃልም ነው፣ ድርጊትም ነው፣ ጉዳይም ነው። የእኛም «ነገር» እንዲሁ ነው። «ነገሩን ነገርኩት» ስንል አንዱ ጉዳይ ሌላው ንግግር ሆኖ ሳለ ማንንም ግር አይለውም። ገብርኤል ለእመቤታችን «ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለም» ሲላትም፣ እርሷ የሆነውን ነገር ሁሉ በልቧ ስትይዝም፣ የግሪኩ ቃል ይኸው ሬማ ነው። ግእዙ «እስመ አልቦ ነገር ዘይሰአኖ ለእግዚአብሔር» ብሎ ሲተረጉም ግሪኩ የተንገዳገደበትን ጉድጓድ ሳያየው ተሻገረ። እኛም ግእዙንና አማርኛውን ስናነብ ጉድጓዱ እንደነበረ አናውቅም። ያሳውራል ያልኩት ይህን ነው።

«እንግዲያው ዕብራይስጥ ነዋ!» ለማለት ግን አይቸኩሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ቸኩዬ ነበር። የገብርኤል ቃል ከኦሪት የተወሰደ ነው፤ ሣራ በድንኳኑ ደጃፍ ስትስቅ የተነገረው ነው (ዘፍጥረት 18፥14)። ኦሪትን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ወደ ግሪክኛ የመለሱት አይሁድ፣ የሰባው ሊቃናት ትርጉም በምንለው ውስጥ፣ ያንን «ዳባር» በቁሙ «ሬማ» ብለውታል። በዚህ መንገድ ዕብራይስጥ የሚሸት የግሪክኛ ዓይነት ተፈጠረ፤ በየምኩራቡ ተነበበ፣ ጆሮ ለመደው። ሉቃስ ያንን መጽሐፍ እንደ ውኃ የጠጣ ሰው ነው። ስለዚህ «ሬማ» ከዕብራይስጥ ምንጭ በቀጥታ ሊመጣ ይችላል፤ ከሰባው ሊቃናት ግሪክኛም ሊመጣ ይችላል። ቃሉ ራሱ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

በእኛ ቋንቋ ቢታሰብ ይቀላል። ዛሬ አንድ ደራሲ «በዚያም ወራት እንዲህ ሆነ፤ እነሆም አንድ ሰው ከጎንደር ወጣ» ብሎ ልብ ወለድ ቢጀምር ከግእዝ ተረጎመው አንልም። መጽሐፍ እንዲሸትለት ፈልጎ ነው እንላለን። ሉቃስም ይህን አውቆ እንዳደረገው የሚያሳብቅበት ቦታ አለ። «የከበርህ ቴዎፍሎስ ሆይ» የሚለው መቅድሙ (1፥1–4) በግሪክኛ 42 ቃላት ያሉት አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው፤ የተማረ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ የሚኮራበት ዓይነት። አምስተኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ድንገት ድምፁ ይለወጣል፦ «በይሁዳ ንጉሥ በሄሮድስ ዘመን ዘካርያስ የሚባል አንድ ካህን ነበረ»፣ ከዚያ «እና… እና… እንዲህም ሆነ…»። «ጉዳዩ፦» ብሎ የጀመረ የቢሮ ደብዳቤ በሁለተኛው አንቀጽ ገድል ሆኖ ሲቀጥል ማለት ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም መጻፍ ይችላል። አዶልፍ ሐርናክ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሁሉንም የሉቃስ የራሱ ብዕር ሥራ ያደረገው በዚህ ዓይነት መከራከሪያ ነው። ጳውል ቪንተር ደግሞ በ1950ዎቹ የለም፣ የዕብራይስጥ ጽሑፍ አለበት ብሎ ሞገተ።

ሽታ ዳኛ ካልሆነ ዳኛው ምንድን ነው? እኔ የምተማመነው በቃላት ጨዋታ ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ሰምና ወርቁ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የሚገጥም ከሆነ ቅኔው የተቆጠረው በዚያ ቋንቋ ነው። ሉቃስ ውስጥ ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ የዘካርያስ መዝሙር ነው (1፥68–79)። ዳዊት ለደገመ ሰው በመጽሐፉ መጨረሻ ከጸሎተ ነቢያት ጋር ያለው «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ማለት ነው።

ቁጥር 72 እና 73ን ይክፈቱ። እግዚአብሔር ለአባቶቻችን ምሕረት እንዳደረገ፣ ቅዱስ ኪዳኑን እንዳሰበ፣ ለአብርሃም የማለውን መሐላ እንደጠበቀ ይናገራል። ምሕረት፣ ማሰብ፣ መሐላ። አሁን ቤተሰቡን በስም እንጥራ። ሕፃኑ ዮሐንስ ነው፤ በዕብራይስጥ ዮሐናን፣ «እግዚአብሔር ራራ»። አባቱ ዘካርያስ ነው፣ «እግዚአብሔር አሰበ»፤ ሥሩ የእኛው ዘከረ፣ ዝክር፣ መዘክር ነው። እናቱ ኤልሳቤጥ ናት፤ በዕብራይስጥ ኤሊሼባዕ፣ «አምላኬ መሐላዬ ነው»። (መሐላና ሰባት በዕብራይስጥ ከአንድ ሥር ናቸው፤ አብርሃም ቤርሳቤህ ላይ ሰባት ግልገሎች አቁሞ የማለው በከንቱ አይደለም። የእኛም «ሰባት» የዚያው ዘመድ ነው።) ልጅ፣ አባት፣ እናት ሦስቱም በሁለት ቁጥር ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል። በግሪክኛ ይህ ጨዋታ አይሰማም፤ ኤሌዎስ፣ ምኔስቴናይ፣ ሆርኮስ የሚሉት ቃላት ከስሞቹ ጋር ምንም የሚያገናኛቸው ድምፅ የለም። መጀመሪያ ሳየው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይሁን እንጂ አንዱ እግር ደካማ ነው። በሰባው ሊቃናት «ኤሌዎስ» አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ሔሴድ የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ነው እንጂ ዮሐንስ ስም ውስጥ ያለውን ሐነንን አይደለም። ምሕረት፣ ኪዳንና መሐላ ደግሞ በመዝሙርና በነቢያት አብረው የሚሄዱ ቃላት ናቸው፤ በአጋጣሚም ሊገጣጠሙ ይችላሉ።

አሁን በዚያው መዝሙር ስድስት ቁጥር ወረድ ይበሉ፣ ቁጥር 78። አማርኛው «ከላይ የመጣ ብርሃን» ይለዋል። ግሪክኛው «አናቶሌ» ነው፤ ከአርያም የሚጎበኘን አናቶሌ፣ በጨለማ ለተቀመጡት ያበራ ዘንድ። አናቶሌ መውጣት ነው፤ የፀሐይ መውጣት፣ ከዚያም የተነሣ ምሥራቅ፤ ግእዙ ሠረቀ ብሎ ምሥራቅ እንደሚለው ማለት ነው። ግን የቡቃያም መውጣት ነው። በዚህ ግሪክኛና አማርኛ አንድ ናቸው፦ ፀሐይ ወጣች እንላለን፣ ቡቃያው ወጣ እንላለን። ነቢዩ ዘካርያስ «ስሙ ቍጥቋጥ የሚባል ሰው» ብሎ ስለሚመጣው መሲሕ ሲናገር ዕብራይስጡ «ጼማሕ» ነው፣ ከመሬት የሚበቅል ነገር፤ ሰባው ሊቃናት ይህን «አናቶሌ» ብለው መለሱት። መዝሙሩ እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ቃል ይዟል፤ የዳዊት ቁጥቋጥ መሲሑንም፣ የሚያበራውን ፀሐይም። ወደ ዕብራይስጥ መልሱት ብትሉኝ «ጼማሕ» ብዬ እመልስና እቸገራለሁ፤ ቁጥቋጥ በጨለማ ላለ ሰው አያበራም። ይህ ቅኔ የተቆጠረው በግሪክኛ ነው።

ስለዚህ በአንድ መዝሙር ውስጥ አንዱ ጫፍ ወደ ዕብራይስጥ ይጎትታል፣ ሌላው ጫፍ ከግሪክኛ አልወጣም ይላል። የእኔ አስተያየት መዝሙሩ ከሁለት ጨርቅ የተሰፋ ነው የሚል ነው። ከቁጥር 68 እስከ 75 ያለው ስለ ሕፃኑ ዮሐንስ አንዳች አይናገርም፤ ለማንኛውም የእስራኤል መዳን ሊዘመር የሚችል ነው፤ በዕብራይስጥ ኖሮ ቢሆን አይገርመኝም። «ደግሞም አንተ ሕፃን ሆይ» ከሚለው ከቁጥር 76 ጀምሮ ያለው ግን ከታሪኩ ጋር የሚያያዝበት ክር ነው፤ ይህን የፈተለው በግሪክኛ የሚጽፍ እጅ ነው። ሬይመንድ ብራውን ስለ ልደቱ ትረካዎች በ1977 ባሳተመው ትልቅ ጥናት ሉቃስ መዝሙሮቹን ከአይሁድ ክርስቲያኖች ማኅበር አግኝቶ በታሪኩ ውስጥ እንዳስገባቸው ይከራከራል፤ እኔን ከሌሎቹ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

የእመቤታችን ጸሎት ላይም ትንሽ ምልክት አለ። ግእዙ «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር ወትትሐሠይ መንፈስየ» ብሎ ሁለቱንም ግሥ በአንድ ጊዜ ያስኬዳቸዋል፤ አማርኛውም እንዲሁ። ግሪክኛው ግን የመጀመሪያውን ግሥ በአሁን ጊዜ፣ ሁለተኛውን በኃላፊ ጊዜ ነው ያስቀመጠው፦ «ነፍሴ ታከብራለች፣ መንፈሴም ሐሴት አደረገች»። በግሪክኛ ይህ ጎርበጥ ይላል፤ በዕብራይስጥ ግጥም ግን የተለመደ አሰላለፍ ነው። ልጅ ሆኖ ጸሎተ ሐናን ከጸሎተ ማርያም ጋር በአንድ ዳዊት ላይ የደገመ ሰው ደግሞ የአንዱ ዜማ በሌላው ውስጥ እንዳለ ሳይነገረው ያውቀዋል።

የመላእክቱ ምስጋናም አለ፤ «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት ወሰላም በምድር ሥምረቱ ለሰብእ»። እኛ ለሦስት የምንከፍለውን፣ ሲናይቲኩስና ቫቲካኑስ የሚባሉት የ4ኛው መቶ ዘመን ቅጂዎች በመጀመሪያ እጃቸው፣ ማለትም ኋላ ሌላ ሰው ሳያርማቸው፣ ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዲት ፊደል ጨምረው «ሰላም በምድር ለሥምረት ሰዎች» ይላሉ። «የሥምረት ሰዎች» በግሪክኛ ግራ የሚያጋባ አነጋገር ነው፤ የጥንት ጸሐፊዎች ያቺን ፊደል መጣላቸው ስለዚህ ይመስለኛል። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ካሉት ከቁምራን ዋሻዎች የወጡት የዕብራይስጥ መዝሙሮች ግን «ብኔ ራጾኖ»፣ የሥምረቱ ልጆች፣ እያሉ እግዚአብሔር የወደዳቸውን ሰዎች ይጠራሉ፤ የአራማይክ አቻውም እዚያው ተገኝቷል። አነጋገሩ የአገሩ ነው። የእኛ «ሥምረቱ ለሰብእ» ደግሞ በግእዝ ሰዋስው ሁለት ጊዜ ይነበባል። «ልደቱ ለኢየሱስ» እንደሚለው አገናዛቢ አድርጎ ማንበብም ይቻላል፣ «የእርሱ ሥምረት ለሰው ሆነ» ብሎ ማንበብም ይቻላል። የቅኔ መምህር ቢገኝ አንድ ከሰዓት ሙሉ የሚያጫውት ጉዳይ ነው።

አንድ የሚጣፍጥ ግን የማልገዛው ማስረጃ ልጨምር። እመቤታችን ኤልሳቤጥን ልትጠይቅ ስትሄድ «ወደ ይሁዳ ከተማ» ወጣች ይላል (1፥39)። ይሁዳ ግን አገር ነው እንጂ ከተማ አይደለም። ቻርልስ ቶሪ የተባለ አሜሪካዊ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ መነሻው «መዲና» ነበር አለ፤ መዲና በጥንቱ ዕብራይስጥና አራማይክ አውራጃ ማለት ነው፣ ተርጓሚው ግን ከተማ መሰለውና «ፖሊስ» ብሎ ጻፈው። አርጤክስስ «ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ» የገዛቸው 127 አገሮች በመጽሐፈ አስቴር ዕብራይስጥ መዲና ነው የተባሉት። እኛም አዲስ አበባን መዲና ስለምንል ተርጓሚውን አንፈርድበትም፤ አብረን እንሳሳት ነበር። ሆኖም ግሪክኛው «ወደ አንዲት የይሁዳ ከተማ» ተብሎ ያለ ችግር ይነበባል። ስሕተት ሳይኖር ስሕተት መፈለግ አያስፈልግም።

ወደ ሁለተኛው መምህር ልምጣ። በቤት የሚነገረው አራማይክ ነበር ማለታቸው ልክ ነው። «ስለዚህ የተጻፈውም በአራማይክ ነው» የሚለው ግን አይከተልም፤ ይህን ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ሕዝብ የለም። በቤቱ አማርኛ የሚያወራ ደብተራ ገድል ሲጽፍ በግእዝ ነው የሚጽፈው። በይሁዳም እንዲሁ ነበር፤ በቁምራን ከተገኙት ጥቅልሎች የሚበዙት ዕብራይስጥ ናቸው፣ አራማይኮቹ ጥቂቱ ክፍል ናቸው፣ ግሪክኛም አለ። ለአራማይክ የሚከራከር ሰው በእጁ ያለው ጠንካራ ነገር ከቁምራን 4ኛ ዋሻ የወጣች አንዲት ቁራጭ ብራና ናት፤ ሙሉ ጽሑፏ የታተመው በ1992 ነው። ስለ አንድ ንጉሥ ስትናገር «የእግዚአብሔር ልጅ ይባላል፣ የልዑልም ልጅ ብለው ይጠሩታል» ትላለች። ገብርኤል በሉቃስ 1፥32 እና 35 የሚለውን ያስተያዩ። ብራናዋ የምትናገርለት ንጉሥ መልካም ይሁን ክፉ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አነጋገሩ ግን ከክርስትና በፊት በአራማይክ እንደነበረ አይካድም። ይህ የሚያሳየው ቃላቱ በአካባቢው አየር ውስጥ እንደነበሩ ነው፤ ሉቃስ ከአራማይክ መጽሐፍ ተረጎመ ወደሚለው አያደርስም። «የሶርያውያን መጽሐፍ ቅዱስ ፕሺጣ ዋናው ነው» የሚሉ ሰዎች ካጋጠሟችሁ ደግሞ የፕሺጣ ወንጌል ራሱ ከግሪክኛ የተተረጎመ ነው፤ ቋንቋውም የኤዴሳ ሶርያይስጥ እንጂ የገሊላ አራማይክ አይደለም።

ማቴዎስ ሌላ ሰው ነው። ሉቃስ መጽሐፍ እንዲሸት ይጽፋል፤ ማቴዎስ መጽሐፍ ገልጦ ይጠቅሳል። መልአኩ ለዮሴፍ «ስሙን ኢየሱስ ትለዋለህ፤ ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ያድናቸዋልና» ሲለው (1፥21) «ና» የምትለው ፊደል የምትሠራው በዕብራይስጥ ነው፤ ኢየሱስ የሹዓ ነው፣ ያድናል ዮሺዓ ነው። በአራማይክ ማዳን በሌላ ግሥ ስለሚነገር ጨዋታው ይጠፋል፤ በግሪክኛም አይሰማም። ቢሆንም ግሪክኛ ተናጋሪ አይሁድ ትርጉሙን ያውቁት ነበር፤ መጽሐፈ ሲራክ በግሪክኛው ምዕራፍ 46 መጀመሪያ ላይ ስለ ነዌ ልጅ ኢያሱ ሲናገር እንደ ስሙ ለማዳን ታላቅ ሆነ ይላል። የትውልዱ ሐረግ ሦስት ጊዜ 14 መሆኑም በዕብራይስጥ ፊደል ቁጥር ከዳዊት ስም ጋር ይገጥማል፦ ዳሌጥ 4፣ ዋው 6፣ ዳሌጥ 4። በግሪክኛ ፊደል ቢደመር ዳዊት 419 ነው የሚወጣው። ማቴዎስ ግን ይህን ለአንባቢው አይናገርም። «ልጄን ከግብፅ ጠራሁት» ብሎ ሆሴዕን ሲጠቅስም የሚከተለው ዕብራይስጡን ነው፤ ሰባው ሊቃናት እዚያ ቦታ «ልጆቹን» ነው የሚለው፣ ለክርክሩ አይረዳውም ነበር።

እንግዲህ ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ነው። የጻፈው ግን በግሪክኛ ነው። «አማኑኤል» ብሎ «ትርጓሜውም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ሲጨምር ለማን ነው የሚተረጉመው? ለዕብራይስጥ አንባቢ ይህ «ውኃ፣ ትርጓሜውም ውኃ» እንደማለት ነው። በቀሪው ወንጌሉ ደግሞ የማርቆስን ግሪክኛ ብዙ ቦታ ቃል በቃል ይዞ ይሄዳል።

«ማቴዎስ በዕብራይስጥ ጻፈ» የሚለው የመምህራኖቻችን ትምህርት ግን ከየትም የመጣ አይደለም። የኢያራጶሊሱ ጳጳስ ጳጲያስ በ2ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ማቴዎስ ቃላቱን በዕብራይስጥ ልሳን እንዳቀናበረ፣ እያንዳንዱም እንደቻለ እንደተረጎማቸው ጽፏል፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። የጥንት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ይህን ተቀብላለች። ጳጲያስ ያየው ምን ዓይነት ስብስብ እንደነበረ ዓረፍተ ነገሩ አይገልጥም፤ ስለ ልደቱም የሚለው የለም። ኤጲፋንዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ኤቢዮናውያን የተባሉት አይሁድ ክርስቲያኖች «የዕብራውያን» ስለሚሉት ወንጌላቸው ሲጽፍ የልደቱ ታሪክ ጭራሽ እንደሌለበት፣ ከዮሐንስ ጥምቀት እንደሚጀምር ይነግረናል። እነርሱ ሥጋ ስለማይበሉ የዮሐንስን አንበጣ ቂጣ አድርገውታል፤ አንበጣ «አክሪስ»፣ የማር ቂጣ «ኤንክሪስ»። ይህ ደግሞ በግሪክኛ ብቻ የሚሆን ቀልድ ነው! «የዕብራውያን» የተባለው ወንጌል ራሱ ግሪክኛ ነበረ ማለት ነው።

የተማሪዋ ጥያቄ ቀላል አይደለምና አትቆጧት። ኢሳይያስ 7፥14 በዕብራይስጥ «ዓልማ» ይላል፤ ለጋብቻ የደረሰች ወጣት ሴት። ድንግልናን ለይቶ የሚናገረው «ብቱላ» ነው። ሰባው ሊቃናት «ፓርቴኖስ»፣ ድንግል፣ አሉት፤ ማቴዎስ በዚያ ጠቀሰው፤ ግእዙም ከግሪኩ ስለተተረጎመ «ድንግል» አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስታውሷት። ትርጉሙን የሠሩት ክርስቲያኖች አይደሉም፤ ከክርስቶስ በፊት የነበሩ አይሁድ ናቸው፤ ርብቃን በዘፍጥረት 24፥43 «ዓልማ» የሚላትን ቦታም «ፓርቴኖስ» ነው ያሉት። ክርስቲያኖች ጥቅሱን መያዝ ከጀመሩ በኋላ ነው እንደ አቂላ ያሉ የአይሁድ ተርጓሚዎች «ኔአኒስ»፣ ወጣት ሴት፣ ወደሚለው የዞሩት። ሁለተኛው፣ ሉቃስ ይህን የኢሳይያስ ጥቅስ ጨርሶ አይጠቅስም። «ወንድ ስለማላውቅ ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚለው የእመቤታችን ጥያቄ በአንድ የኢሳይያስ ቃል ትርጉም ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ማቴዎስና ሉቃስ ሳይገናኙ ይህን አንድ ነገር መያዛቸው፣ ታሪኩ ከጥቅሱ በፊት እንደነበረና ጥቅሱ የመጣው ሊያብራራው እንደሆነ እንዳስብ ያደርገኛል።

ስለ ኢያቄምና ሐና፣ እመቤታችን በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ ስለመግባቷ፣ ስለ ዋሻውና ስለ ሰሎሜም ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እኛ ግንቦት 1 እና ታኅሣሥ 3 የምናከብራቸው ታሪኮች በጽሑፍ ቀድመው የሚገኙት በያዕቆብ ስም በተጻፈ የ2ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ነው፤ ግእዙ «ልደተ ማርያም» ተብሎ በ1909 አውሮፓ ውስጥ ታትሟል። ጸሐፊው ያዕቆብ ነኝ፣ በኢየሩሳሌም ሆኜ ጻፍኩ ይላል። ቋንቋው ግን ከጥርጣሬ ውጪ ግሪክኛ ነው፤ የሚያውቀው ብሉይ ኪዳን የሰባው ሊቃናት ነው፤ በኦሪት በዝሙት ለተጠረጠረች ሴት ብቻ የታዘዘውን የመራራውን ውኃ ፈተና ለዮሴፍም ያጠጣዋል። እንደዚያም ሆኖ ዮሴፍ አዋላጅ ፍለጋ ሲወጣ ጊዜ የቆመበትን ቦታ ማንበብ አለብዎት፤ ወፎች በአየር ላይ ቀጥ ብለው፣ ሠራተኞች እጃቸው ወጭቱ ውስጥ እንዳለ፣ እረኛው በትሩን አንሥቶ ሳያወርድ። ዕብራይስጥ የሚሸት ግሪክኛ ጽፎ ዕብራይስጥ ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል ተሳክቶለታል። ስለ ሉቃስ ስከራከር ሽታን የማላምነው አንዱ ምክንያት ይህ መጽሐፍ ነው።

ለሚመጣው እሑድ ካሰቡ፣ ተማሪዎቹን የሉቃስን 1፥68–79 በአማርኛ ያስነብቡአቸው። ቁጥር 72 ላይ አስቁመው የልጁን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም ትርጉም ይጠይቋቸው፤ ዘካርያስን ከዝክር ጋር የሚያገናኝ ልጅ አይጠፋም። ቁጥር 78 ላይ ሲደርሱ ሰሌዳው ላይ «ፀሐይ ወጣች፣ ቡቃያው ወጣ» ብለው ይጻፉና ሦስቱም ተከራካሪዎች እንደገና ይናገሩ።